የወንድሜ መኪና የቆመችበት ክረምት

ወንድሜ ለሦስት ወር አዲስ አበባ ሲሄድ መኪናውን እኔ ላይ ጥሎ ሄደ። ያኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ሴንትራል ዲስትሪክት የሚባል ሰፈር፣ ዳገት ላይ ካለ ቤት ምድር ቤቱን ተከራይቼ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ መኪናውን የሚያቆመው መንገድ ዳር ስለሆነ፣ የራሴን ከቤቴ ፊት፣ የሱን ደግሞ ሁለት ቤት ዝቅ ብዬ ከአንዲት የአገሬ ሴት ደጃፍ አቆምኳት። እኚህ ሴት በእድሜ እናቴን ይበልጣሉ፤ የሚኖሩት ከታመሙ ባለቤታቸው ጋር ነው። እማማ እላቸዋለሁ። መኪናዋን ሳቆም በመስኮት አይተውኝ እጃቸውን አውለበለቡልኝ።

በሁለተኛው ሳምንት መስታወቱ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ አገኘሁ። መንገድ ዳር የቆመ መኪና ከሦስት ቀን በላይ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ይጎተታል ይላል። ሕጉን አውቀዋለሁ። ሰው ለማዘጋጃ ቤት ካልደወለ በቀር መጥቶ ቀን የሚቆጥር እንደሌለም አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ ሰው ደውሏል ማለት ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው ጎረቤቴ ነበር። ከአውቶቡስ ሾፌርነት ጡረታ የወጣ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ብቻውን ነው የሚኖረው። በረንዳው ላይ ቆሞ መንገዱን ከላይ እስከ ታች ይቃኛል። ምን የሚታይ ነገር አለና ነው እል ነበር። መኪናዋን አስነስቼ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞርኩና፣ ሌላ ቦታ ሳጣ እዚያው መልሼ አቆምኳት። እሱም ከበረንዳው ያየኛል።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ የመኪናዬ ሁለት የዝናብ መጥረጊያዎች ከመስታወቱ ተነስተው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ወርጄ የወንድሜን ሳያት እሷም እንደዚያው ናት። ሁለቱም የአንድ ሰው መሆናቸውን እንዲያውቅ ለሚጎትተው ሰው የተደረገ ምልክት መሰለኝ። መልሼ አስተኛኋቸው። በማግስቱ እንደገና ቆመው አገኘኋቸው። ውርጩ ላይ ደግሞ የጫማ ዱካ አለ፤ መንገዱን ተሻግሮ እስከ ሰውየው ደረጃ ይሄዳል።

የዚያን ቀን ከሥራ ስመለስ እማማ ቤት ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሻይ እየቀዱልኝ በጸጥታ ሰሙኝ። ስጨርስ፣ ሰው አይታወቅም፣ ብቻ ተጠንቀቂ አሉኝ። እኔም ለሰውየው ሰላምታ መስጠቴን ተውኩ። በረንዳው ላይ ሳየው ስልኬን አወጣና የሚያናግረኝ ሰው እንዳለ እመስላለሁ።

በረዶው ሲጥል ለሁለት ቀን ከተማው ቀጥ አለ። በሦስተኛው ቀን፣ አሁንም ሥራ እንደቀረሁ፣ ወጥቼ ሳይ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል። ንዴቴ ፍርሃቴን በለጠው። ወረቀቱን ይዤ ተሻገርኩ። ሰውየው ደረጃውን በአካፋ ይጠርጋል። መኪናዬን ለምን ትነካለህ አልኩት።

ጎንበስ እንዳለ ሰማኝና ቀና አለ። «መጥረጊያውን ነው? በረዶ ሲመጣ ካልተነሳ መስታወቱ ላይ ይጣበቅና ላስቲኩ ይቀደዳል። የደረስኩበትን ሁሉ አንስቻለሁ።»

ዞር ብዬ መንገዱን አየሁት። ከላይ እስከ ታች ካሉት መኪኖች ግማሾቹ መጥረጊያቸው ቆሟል። ያን ሁሉ ቀን ያየሁት የራሴን ሁለት ብቻ ነበር። ወረቀቱን ሳሳየው እኔ አይደለሁም ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ቅር ያለኝ ነገር ካለ በርሽን አንኳኳለሁ አለኝ። ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም። ግን እሱ ካልሆነ ማን? እያልኩ ከላዬ የሚኖሩትን ተማሪዎች፣ ጥግ ላይ ቤት የገዙትን አዲስ ባልና ሚስት፣ ሁሉንም በልቤ እየጠረጠርኩ ወደ እማማ ቤት ወረድኩ።

ስደርስ አንድ ቫን መንገዱ መሀል ላይ ቆሟል። ባለቤታቸውን ለኩላሊት እጥበት በሳምንት ሦስት ቀን የሚወስዳቸው ነው። ያን ሰዓት ሁልጊዜ ሥራ ላይ ስለምሆን አይቼው አላውቅም። ዳር እንዳይይዝ የወንድሜ መኪና ቦታውን ይዛለች። ሾፌሩ ሽማግሌውን በአንድ ክንድ፣ እማማ በሌላው ደግፈው፣ መኪናዋን ዞረው በረዶው ላይ ያራምዷቸዋል። እግራቸው ሲከዳቸው ሮጬ ከኋላ ያዝኳቸው። ተረባርበን አስገባናቸው።

ቫኑ ሲሄድ እኔና እማማ ብቻችንን ቀረን። እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አዩና ዓይናቸውን ሰበሩ።

«እማማ፣ እርስዎ ነዎት?»

«ኬንት የምትኖረውን ልጄን ነው፤ ለማዘጋጃ ቤት ኮል አድርጊልኝ አልኳት» አሉ።

«ለምን አልነገሩኝም? ያኔውኑ አነሳት ነበር እኮ።»

«እንዴት አድርጌ? የአገሬን ልጅ ከደጄ ተነሺልኝ ልበላት? ወረቀቱ ሲመጣ ከመንግሥት ነው ትያለሽ፤ እኔን አትቀየሚም ብዬ ነው።»

ያናደደኝ መደወላቸው አልነበረም፤ ሰውየውን እሳቸው ፊት ሳማው ሻይ እየቀዱ ዝም ማለታቸው ነው። ይቅርታ አልኳቸው፤ እሳቸውም ይቅርታ አሉኝ፤ ማን ማንን ይቅር እንዳለ ሳይለይ ተሳሳምን።

መኪናዋን ላስነሳ ስል ባትሪዋ ሞቷል። ኬብል ይዞ መጥቶ ያስነሳልኝ ያው የማዶው ሰው ነው። ስላኮረፍኩት ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር ግራ ገባው፤ ዓይን አፋር ትመስይኝ ነበር አለ። መኪናዋን ሾርላይን የምትኖር ጓደኛዬ ግቢ ወስጄ አቆምኳት፤ ወንድሜ እስኪመጣ እዚያው ቆየች።

ከእማማ ጋር አልተቆራረጥንም። እሁድ ቅዳሴ አብረን እንሄዳለን፤ ምርቃታቸውም እንደ ድሮው ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ጠይቄያቸው «ምንም አይደል» ሲሉኝ፣ እውነት ምንም አለመሆኑን ለማወቅ ፊታቸውን ትክ ብዬ አያለሁ። አንዳንዴ ሁለቴ እጠይቃቸዋለሁ።