ያልሻገተው ዳቦ ሪፖርት

በመሰናዶ ክፍሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ሁሉም «ይቀፈኛል» ነው የሚላት። ሰው የጠጣበት ብርጭቆ ይቀፋታል፣ የአውቶቡስ መያዣ ብረት ይቀፋታል፣ በተዋሰችው መጽሐፍ ገጽ ላይ የሌላ ሰው ፀጉር ካየች ደግሞ የዚያን ቀን ንባብ አበቃ። ታዲያ ለእንዲህ ያለችው ልጅ የደረሳት የጥናት ርዕስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የዳቦ ሻጋታ።

ከአገር ቤት መጥቶ ጀርመን ዩኒቨርሲቲ ለመግባት መሰናዶውን ማለፍ ግድ ነው፤ መሰናዶውን ለማለፍ ደግሞ አንድ ጥናት ሠርቶ ሪፖርቱን በጀርመንኛ መጻፍ። ሪፖርቱ ከወደቀ ፈተና መቀመጥ የለም። እሷ አንድ ጊዜ ደግማለች፤ ሁለተኛ መድገም አይፈቀድም። የሥራ ጓደኛ ተብሎ የተመደበላት ደግሞ «ፕሮፌሰር» የሚሉት ልጅ ነው። ስሙን ያወጡለት ለዕውቀቱ ሳይሆን ሲናገር አንገቱን ስለሚሰብቅ ነው።

ሥራው ለወሬ ቀላል ነበር። በሦስት የምሳ ዕቃ ውስጥ አንድ አንድ ቁራሽ ዳቦ ይቀመጣል፤ አንዱ ፍሪጅ ውስጥ፣ አንዱ መደርደሪያ ላይ፣ አንዱ ማሞቂያው አጠገብ። በየቀኑ ክዳኑ ይከፈትና ሻጋታው የዳቦውን ስንት እጅ እንደሸፈነ ይለካል። የመጀመሪያው ሳምንት የእሷ ተራ ሆነ። የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር በአንዲት ክፍል ነው። እህቷ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የፀጉር ቀለም ስታሸት ውላ ስትገባ ደግሞ ዳቦው በር ላይ ይቀበላታል። ማሞቂያው አጠገብ ያለው መጀመሪያ ነጭ ፀጉር አበቀለ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ሆነ፣ በመጨረሻ ከሥሩ ጥቁር ውሃ አቀረረ። ይቀፈኛል ክዳኑን በከፈተች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች፤ ግን ትለካለች። እህቷ አፍንጫዋን በሻርፕ ጠቅልላ ትተኛለች።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ለመማር ዳቦ ይበላል እንጂ ያበሰብሳል እንዴ?»

«እትዬ፣ ትንሽ ቻይኝ። የሚቀጥለው ሳምንት ወደ እሱ ይሄዳል።»

ሄደም። ፕሮፌሰር የምሳ ዕቃዎቹን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ወሰደ፤ ከዚያም በየማታው ቁጥሩን በስልክ ይልክላት ጀመር። እሷ ቁጭ ብላ ትጽፋለች። ቁጥሮቹ ያምሩ ነበር፤ መስመሩ ሲሳል ልክ መማሪያ መጽሐፉ ላይ እንዳለው ሽቅብ ወጣ። ለሪፖርቱ ማሳመሪያ ፎቶ ላንሣ ብላ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳትነግረው ማደሪያው ሄደች። በጋራው ማድ ቤት ሦስቱ የምሳ ዕቃዎች ታጥበው፣ ተገልብጠው፣ ዕቃ ማድረቂያው ላይ ተደርድረዋል። የሎሚ ሳሙና ይሸታሉ። በሕይወቷ ንጹሕ ዕቃ ቀፏት አያውቅም ነበር።

«ዳቦው የታለ?»

«ጣልኩት። በወሰድኩት ማግሥት።» ዓይኑን በጨው አጥቧል። «እዚህ ፎቅ ያሉት ልጆች ሊገድሉኝ ነበር እኮ።»

«በየማታው የምትልክልኝስ ቁጥር?»

«ከመጽሐፉ ነዋ። ትንሽ ትንሽ ለዋወጥኩት። ሻጋታ ያው ሻጋታ ነው፤ የእኛ በምን ይለያል?»

እንዲህ ሲል ያጠፋ አልመሰለውም። ሁለቱም የመጡት መጽሐፉን የመሰለ መልስ ብቻ «ራይት» ከሚደረግበት ትምህርት ቤት ነው፤ መጽሐፉን ያልመሰለ ሥራ እዚያ ሥራ አይባልም። እዚህ ግን ያልለመዱት ጣጣ ነበር። በሪፖርቱ መጨረሻ የስሕተት ምዕራፍ የሚባል አለ፤ ሲለካ ምን እንደተበላሸና ለምን እንደተበላሸ የሚጻፍበት። መምህሩ ከሁሉ አስቀድመው የሚያነቡት እሱን ነው። ለዚህም ፕሮፌሰር መላ አላጣም።

«ቴርሞሜትሩ ትንሽ ያዛባ ነበር በይ። አንድ ቀን ደግሞ ክዳኑ ሳይገጠም አደረ በይ።»

«ስሕተቱንም ልንፈጥር ነው?»

«እውነተኛ ስሕተት የለንማ።»

አቅለሸለሻት። የበሰበሰ ዳቦ ፊት ሳምንት ሙሉ የቆመው ሆዷ እዚህ ላይ እምቢ አለ።

«ለመምህሩ እንንገራቸውና እንደ አዲስ እንጀምር።»

«ሦስት ቀን ነው የቀረን፤ ሻጋታ ደግሞ ለማንም ብሎ አይቸኩልም። ከፈለግሽ ንገሪያቸው፤ እኔ እደግማለሁ። መድገም የማትችዪው አንቺ ነሽ።»

በዚያ ሳምንት ከአፉ የወጣ አንድ እውነት ቢኖር ይኼ ነበር።

እህቷ ስትሰማ ደሟ ፈላ። «አፍንጫዬን አስሬ የከረምኩት ለቆሻሻ መጣያ ነው?» አለች። ቀጥላ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እንግዲህ ምን ይደረግ። ጻፊና ይለቅሽ። ለእማዬ ደውለሽ ወደቅኩ የምትዪው አንቺ ነሽ።»

ጻፈች። የራሷን ሳምንት እውነት ከእሱ ሳምንት ፈጠራ ጋር ሰፋችው፤ ስፌቱ እንዳይታይ አድርጋ። አንድ አንቀጽ በጨረሰች ቁጥር እጅ እጅ ይላታል። ቀና ብላ ትተነፍስና ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ከሁሉ አምሮ የወጣው የስሕተት ምዕራፉ ነበር።

ሪፖርቱ ሲመለስ መምህሩ ክፍሉን ጸጥ አሰኝተው ያንኑ ምዕራፍ ጮክ ብለው አነበቡት። «ጥፋቱን እንዲህ ሳይሸሽግ የሚናገር ተማሪ ብርቅ ነው» አሉ። ፕሮፌሰር አንገቱን ሰበቀ። መምህሩ ወደ እሷ ዞሩ።

«በመጨረሻዎቹ ቀናትስ ሽታውን እንዴት ቻላችሁት?»

መናገር ትችል ነበር። ዳቦው ተጥሎ ነበር ብትል ያልቅ ነበር።

«መስኮት እንከፍት ነበር» አለች። ከዚያ ቃላቱ ሳይጠሩ መጡ፤ በተራ በተራ አፍንጫቸውን ይዘው እንደገቡ፣ ጎረቤት በር እንደደበደበ፣ በመጨረሻው ቀን ክዳኑን ስትከፍት እንባዋ እንደመጣ። ጀርመንኛ ስትናገር ቃል እየለቀመች የምትንተባተበው ልጅ አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሳቁ።

«ምላስሽ ዛሬ ገና ተፈታ» አሏት።

አመሰገነቻቸውና ተቀመጠች። ማለፏን ወረቀቱ ላይ አየችው። ጓደኞቿ እያቀፉ እንኳን ደስ ያለሽ ሲሏት ጥርሷን ገጥማ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ምላሷ አፏ ውስጥ የሰው ዕቃ ሆኖ እየቀፋት።