ድልነሳሁን ላሳጣ እንጦጦ የወጣሁ ጊዜ

ሰኞ ማለዳ ከየካ ተነሣሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ፣ እንጦጦ ላይ የተገኘውን የጥንት ፍርስራሽ አይቼ ታሪኩን ከባላገሩ ልጠይቅ ነው አልሁ። የሄድሁት ግን ደብተራ ድልነሳሁ የጻፈው ታሪክ ሐሰት መሆኑን ላስመሰክር ነው።

ድልነሳሁና እኔ ከአንድ መምህር እግር ሥር ቅኔ የተማርን፣ አንድ ቁራሽ ለሁለት የበላን፣ ኋላም በአንድ ደብር ያገለገልን ሰዎች ነን። ንጉሡ እንጦጦ ላይ ከከተሙ ወዲህ ሰው ሁሉ የጥንቱን ነገር መፈለግ ይዟል። በጽዱ ደን መካከል የድንጋይ መሠረት በተገኘ ጊዜ አለቃችን፣ «ታሪኩ ተመርምሮ በወንጌላችን ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ፤ የሚጽፈውም ድልነሳሁ ነው» አሉ። ድልነሳሁ! ፊደሉ እንደ ሰካራም የሚወላገድ ድልነሳሁ! በደብሩ እጀ መልካም ማን እንደሆነ ሕፃን ያውቃል፤ ስሜን መጥራት ግን አልወደዱም።

ጽሕፈቱ በተነበበ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ በእልልታ ተናወጠ። እኔ ደጀ ሰላም ቆሜ እልልታውን ብቻ ሰማሁ። ገብቼ ላዳምጥለት? ምን በወጣኝ! ካህናቱ ሲወጡ፣ «የጥንት ንጉሥ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ኖሯል፤ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱ፣ መቅደሱ ሳይቀር ይታያል» ይባባሉ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልዋጥልኝ አለ። ወንጌሉም ሲገለጥ ዓይኔን አዞርሁ።

ቀበና ወንዝ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል

ጥቅምት ስለሆነ ውሃው ጎድሎ ከጉልበት በታች ነበር። ማዶ ላይ ጽድ የሚጎትቱ ሰዎች በሬዎቻቸውን ያሳርፋሉ። አንዲት ዳቦ ሻጭ አገኘሁና በስባሪ አሞሌ ጨው ትልቅ የገብስ ዳቦ ገዛሁ። ጥምጣሜን አየችና፣

«አባ፣ የየካ ሰው ነዎት? ደብተራ ድልነሳሁን ያውቁታል?» አለችኝ።

«አውቀዋለሁ።»

«ያ እንዴት ያለ ሰው ነው! ባለፈው በዚህ ሲያልፍ እንስራዬን ከወንዙ አወጣልኝ። እግዜር ይስጠው!»

ወይ ጉድ! እንጀራዬን መውሰዱ አንሶ ዳቦዬንም አመረረብኝ። ግማሹን ለበሬዎቹ ጥዬ መንገዴን ቀጠልሁ።

ዳገቱ

ከቀበና በላይ መንገዱ ቀጥ ይላል። ደኑ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ነው፤ ለከተማው ቤት እየተቆረጠ ግን ቦታ ቦታው ተገልጧል። በየመታጠፊያው ግንድ የተሸከሙ ሰዎች ይወርዳሉ፣ እህል የጫኑ አህዮች ይወጣሉ። አንዱ አህያ ነጂ ገፍትሮኝ ሲያልፍ ይቅርታ እንኳ አላለኝም፤ ድልነሳሁ ቢሆን ኖሮ እጅ ነስቶት ያልፍ ነበር ብዬ ተናደድሁ። እኩለ ቀን ሲሆን የማርያም ቤተ ክርስቲያን ጣራ ታየኝ። ብርዱ በጥቅምት ፀሐይም ጆሮ ይቆርጣል። ተሳልሜ፣ ውሃ ጠጥቼ፣ ወደ ምሥራቅ ታጠፍሁ።

ፍርስራሹ

ድንጋዩን ሳይ ልቤ ድንግጥ አለ። እውነትም ሦስት ክፍል አለው፤ ፊቱም ወደ ምሥራቅ ነው። ድልነሳሁ ልክ ከሆነ ምን ይውጠኛል? በእግሬ ለካሁት፤ ዞርሁት፤ አንድም የሚያሳጣው ነገር አጣሁ። ወደ ኋላ ልመለስ ስል አንድ ሽማግሌ ላሞች እየነዱ መጡ። አባ ዲሳሳ ይባላሉ፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል የሚናገሩ፣ እዚያው የተወለዱ ሰው ናቸው።

«አባቴ፣ ይህን ማን እንደሠራው ያውቃሉ?»

«እንዴት አላውቅም! የአያቴ በረት ነው። ይኸኛው የጥጃ፣ መካከሉ የላም፣ ያኛው የበሬ።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! መቅደስ የተባለው የጥጃ ቤት! ብርዔን ከቀለም ቀንዴ ነክሬ እዚያው ቆሜ ጻፍሁ። ሽማግሌው ሳቁና፣ «ቀን ቀን ነፋሱ ቀለምህን ያደርቀዋል፤ ቤት ግባና ጻፍ» አሉኝ።

ቤታቸው ሚስታቸው አዴ ጫልቱ እርጎና ቂጣ ሰጡኝ። የጻፍሁትን ሳነብላቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በረቱስ በረት ነበረ። ግን አያቱ ድንጋዩን አላመጡትም፤ ተኮልኩሎ ነው ያገኙት። አጥር ብቻ ጨመሩበት። አማቴ እንዲህ ብላ ነግራኛለች።»

አባ ዲሳሳ፣ «አንቺ ደግሞ!» አሉ፤ ግን አላስተባበሉም።

«ታዲያ መጀመሪያ ማን ኮለኮለው?» አልሁ።

«ማን ያውቃል? ለዚያኛው ደብተራም ይህንኑ ነገርሁት» አሉ አዴ ጫልቱ።

«የቱ ደብተራ?»

«ድልነሳሁ የሚሉት።»

ብድግ አልሁ። እሰይ! ያዝሁት! በረት መሆኑን ሰምቶ ደብቆ ኖሯል! ቤተ ክርስቲያን ነው ብሎ አለቃን ያታለለ፣ ምእመኑን እልል ያሰኘ ሌባ! አዴ ጫልቱ ትክ ብለው አዩኝና፣

«የሞተ ሰው በረት ለምን እንዲህ ያስደስትሃል?» አሉኝ።

«ያለፈውን ያላወቀ የሚመጣውን አያውቅም፣ እናቴ።»

«አይ፤ ድልነሳሁ ሊጠይቀን ነው የመጣው። አንተ ሊከስስ የመጣ ሰው ትመስላለህ።»

ብርዔን ጠርጌ አኖርሁ። የእርሳቸውን ቃልም አልጻፍሁትም። ምን ይሠራልኛል? «ማን ያውቃል» የሚል ምስክር ማንንም አያሳጣም። እዚያው አደርሁና ማክሰኞ ጠዋት መርቀው ሸኙኝ።

ማክሰኞ፣ የካ

ቁልቁለቱን እየዘለልሁ ወረድሁ። አለቃችን ዓይናቸው ፈዟል፤ ራሳቸው አያነቡም። የአባ ዲሳሳን ቃል ሳነብላቸው ፊታቸው ደም ለበሰ።

«የጥጃ ቤት? መቅደስ እያልን እልል ስንል የጥጃ ቤት ኖሯል?»

«ድልነሳሁም ይህን ሰምቷል፤ ደብቆዎት ነው።»

«ሌላ ያሉት ነገር የለም?»

«የለም» አልሁ።

ድልነሳሁ ለቅሶ ሄዶ ነበር። አለቃ፣ «እንግዲህ ፍቀህ አንተ ጻፈው» ብለው ወንጌሉን ሰጡኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ካራዬን ስዬ ብራናውን ከላይ ወደ ታች ፋቅሁት። አላነበብሁትም፤ ያ ወልጋዳ ፊደል እየተነሣ አቧራ ሲሆን ማየቱ ይበቃኝ ነበር። ከታች ሦስት መስመር ሲቀር ክንዴ ደከመና አረፍሁ፤ ያን ጊዜ ዓይኔ አነበበው።

«...ሚስታቸው አዴ ጫልቱ ግን ድንጋዩ ከበረቱም በፊት እንደነበረ ይናገራሉ። የካህናቱንም፣ የባላገሩንም ቃል ጻፍሁ። እኔ ግን ማን እንደሠራው አላውቅም።»

ካራው ከእጄ ወደቀ። ለካ በረቱንም፣ ሴትዮዋንም ጽፎ ኖሯል! ኋላ እንደሰማሁት፣ በተነበበ ቀን «ካህናቱ የጥንት ንጉሥ ቤተ ክርስቲያን ነው ይላሉ» የሚለው ላይ ሲደርስ እልልታው ተነሣና የቀረውን ማንም አላዳመጠም። እኔም ደጅ ቆሜ ስቀና ያንኑ እልልታ ታሪክ አድርጌ ያዝሁት።

ድልነሳሁ ከለቅሶ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ብራናውን አየ፤ እኔን አየ።

«አዴ ጫልቱ ደኅና ናቸው?» አለኝ።

«ደኅና ናቸው።»

«የነገሩህን ጻፍህ?»

ሐፍረት አንገቴን ሰበረው። «አልጻፍሁም። ለአለቃም ሌላ ቃል የለም ብዬ ዋሸሁ። ቀንቼብህ ነው፣ ድልነሳሁ። ቅናት ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም።»

የወደቀውን ካራ አንሥቶ በእጄ ሰጠኝ። ቢሰድበኝ በተሻለኝ። ከዚያ ተያይዘን አለቃ ዘንድ ገባንና ሁሉን ተናዘዝሁ። አለቃ በመቋሚያቸው ትከሻዬን መቱኝና፣ «ያጠፋኸውን አንተው መልሰህ ጻፍ፤ በሦስት ቀን ስግደትም ንስሓ ግባ» አሉ። የተፋቀውን ግን የሚያውቀው ድልነሳሁ ብቻ ነው። አጠገቤ ተቀምጦ ቃል በቃል ነገረኝ፤ እኔ ጻፍሁ።

ታሪክ ለምን እንደምንጠይቅ ቢጠይቁኝ ዛሬ የምመልሰው ትንሽ ነው፤ እንጦጦ የወጣሁት ላውቅ ሳይሆን ልረታ ነበርና የሰማሁትን እንኳ አልሰማሁትም። ያን ቀን ፊደሌ ያምር ነበር፤ ያየው ሁሉ አመሰገነኝ። የመጨረሻዋ «አላውቅም» ላይ ስደርስ ግን እጄ ከበደኝ። ሃያ ዓመት ብራና ላይ ስጽፍ ያችን ቃል ስለ ራሴ ጽፌያት አላውቅም። ድልነሳሁን በብዙ ነገር ቀንቼበታለሁ፤ እንደዚያች ቃል ግን ያስቀናኝ የለም።