የጀርባው ውሃና የመጀመሪያው ጉርሻ

ባሌ ምግብ እያስቀመሰኝ መብላት የጀመረው ራስ ምታቱ አልለቅ ካለው ከሳምንታት በኋላ ነው። ሽሮውን ሳቀርብለት ሳህኑን ወደ እኔ ይገፋል። «እስቲ መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው» ይለኛል። ስቀምስ ጉሮሮዬን ያያል፤ ትንሽ ይቆይና ይበላል። ይህን ሁሉ ዓመት ያበላሁት ሰው መርዝ ልታበላኝ ነው ብሎ ሲጠረጥረኝ እንዴት እንዳንገበገበኝ! እሱ እኮ ሰው ጠርጥሮ የማያውቅ የዋህ ነው። በቤታችን መጠርጠር የእኔ ሥራ ነበር። እህል በረንዳ ያለው ሱቃችን ጆንያ ሲመጣ ከላይ ያማረውን ጤፍ አላይም፤ ክንዴን እስከ ብብቴ ከትቼ ከሥር ነው የምዘግነው።

ትኩሳቱ ጨምሮ መዘባረቅ ሲጀምር ጎረቤቱ ገሚሱ «ጸበል»፣ ገሚሱ «አማኑኤል ውሰጂው፣ አእምሮው ነው» አለኝ። እኔ ግን አንገቱን ማጎንበስ እንዳቃተው አየሁ። እብደት አንገት ያደርቃል እንዴ? ጎትቼ ሌላ ሆስፒታል ወሰድኩት።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። «ማጅራት ገትር ጠርጥሬያለሁ፤ ምናልባትም ከቲቢ የመጣ። ከጀርባቸው በመርፌ ፈሳሽ ቀድተን እንመርምር» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ከጀርባው ውሃ የተቀዳ ሰው ሽባ ሆኖ ይቀራል ሲባል ስሰማ ነው የኖርኩት።

«ሽባ ቢሆንብኝስ?»

«መርፌው የሚገባው ህብለ ሰረሰሩ ካበቃበት በታች ነው፣ እትዬ። ይልቅ የሚያሰጋኝ በሽታው ነው። ከዘገየን ሽባም ያደርጋል፣ ይገድላልም።»

ፈረምኩ፤ ከአልጋው አጠገብ ግን አልተነቃነቅኩም። በጎኑ አስተኝተው ጉልበቱን ወደ ሆዱ አጠፉት። እጄን ጨምድዶ ይዞ «ሸጥሽኝ» አለኝ። አለቀስኩ።

ፈሳሹ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ብልቃጧ ወረደ፤ ጥርት ያለ፣ ልክ እንደ ምንጭ ውሃ። ይኸው ንጹህ ነው፣ በከንቱ ወጉት ብዬ በሆዴ ተቆጣሁ። ከሰዓት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ የቲቢው ጀርም አልተገኘም።

«ይኸው፣ ውሃው ጥርት ያለ ነበር እኮ!» አልኳት።

«ጥርት ማለቱ አያዘናጋኝም» አለች ሐኪሟ። «ስኳሩ ወርዷል፣ ፕሮቲኑና ነጭ የደም ሴሉ ጨምሯል። ጀርሙ በፈሳሹ ውስጥ ጥቂት ስለሚሆን ምርመራው ሊያመልጠው ይችላል። አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም። መድኃኒቱን ዛሬውኑ አስጀምራቸዋለሁ።»

ትክ ብዬ አየኋት። ከላይ ያማረውን አላምንም ብላ ከሥር የዘገነች ሴት! ከእኔ የባሰች ተጠራጣሪ አገኘሁ። በዚያ ሁሉ ነጭ ጋዋን መሃል ያመንኩት እሷን ብቻ ነው። ያም ሆኖ ክኒኖቹን ሲያመጡለት ማሸጊያው ላይ ያለውን ቀን ሳላነብ አላሳለፍኩም።

መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ዓመት ወስዶ ዳነ። ሱቅ ተመልሷል፤ እንደ ድሮው ጆንያ ሳይፈትሽ ይቀበላል፣ እኔም እንደ ድሮው እጮህበታለሁ። ስለዚያ ሰሞን ስጠይቀው «ምንም አላስታውስም» ይለኛል።

ብቻ ማዕድ ስንቀርብ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ አፌ ያመጣል። ከበሽታው በፊት ይህ አመል አልነበረውም። ጎረቤቶቻችን ሲያዩ «አቤት ፍቅር!» ይላሉ። እኔም አፌን ከፍቼ እቀበላለሁ። እያላመጥኩ ዐይኑን አያለሁ፤ እሱ ደግሞ እስክውጥ ድረስ ጉሮሮዬን ያያል።