ፍሬን የሠራ ከፊት ይቀመጣል

በረዳትነት ሥራ የጀመርኩበት የመጀመሪያ ቀን፣ የፍሬን መርገጫ ወለል ድረስ ሲወርድ አየሁ።

ማንኩሳን አልፎ ወደ ቡሬ ሲኬድ አንዲት ቁልቁለት አለች። ሚኒባሳችን ሙሉ ነው። ባለቤቴ አስማረ መሪ ላይ፣ እኔ በሩ ጥግ፤ ልጃችን ማስተዋል ደግሞ ቡሬ ካምፓስ ልትመዘገብ ሻንጣዋን አቅፋ ከአባቷ ኋላ ተቀምጣለች። መጀመሪያ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ቀጥሎ አስማረ ፍሬን ረገጠ። ደገመ። እግሩ ጭቃ የረገጠ ይመስል ሰመጠ።

«አንጓች፣ ታኮ!» አለኝ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ።

ታኮ ጎማ ሥር የምትሰነቀር እንጨት ናት። ረዳት በር ላይ የሚቀመጠው ሒሳብ ለመቀበል ብቻ አይደለም፤ ለታኮም ነው። አስማረ ማርሹን ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ አወረደ፤ ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ሳበና መኪናውን ከመንገድ አስወጥቶ ሽቅብ ወደታረሰ ማሳ መራው። ዝግ ሲል ዘለልኩ። ወደቅኩ፣ ተነሣሁ። ወደ ኋላ ሊንሸራተት ሲል ታኮዋን ከኋላ ጎማ ሥር ሰነቀርኳት።

አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ከውስጥ፣ «እሰይ! ረዳቷስ ከሹፌሩ ትሻላለች!» ብላ ሰውን አሳቀችው። እኔ ማስተዋልን በዓይኔ ፈልጌ እስካገኛት ድረስ አልተነፈስኩም።

ተሳፋሪውን በሌላ መኪና ሸኘን። ማስተዋል ግን፣ «ምዝገባው እስከ ዓርብ ነው፤ መኪናው ሲሠራ ከእናንተ ጋር እሄዳለሁ» ብላ ቀረች። ፍርሃቱ በደንብ የገባኝ ያኔ ነው። ይቺ ልጅ በዚሁ መኪና ይችኑ ቁልቁለት ደግማ ልትወርድ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ረዳት ጠዋት ጠዋት ውኃና ዘይት ያያል። አስማረ ሥራውን ሳልጀምር ሳምንት ሙሉ ግቢ ውስጥ አስለምዶኛል። የፍሬን ዘይትና የመሪ ዘይት ጠርሙሶቻቸው እኩያ ናቸው፤ ጽሑፋቸው የፈረንጅ ነው። እኔ የአማርኛውንም ፊደል እየቆጠርኩ ነው የማነበው። ስለዚህ እንደ እህል ጆንያ ምልክት አደረግኩባቸው፤ ለፍሬን ቀይ ክር፣ ለመሪ ነጭ ክር አሰርኩ። አንድ ቀን ጠርሙሶቹን ሳጥብ ክሮቹ ወለቁ። መልሼ ስቋጥር በግምት ቋጠርኩ። የፍሬኑ ጎድሎ ሳገኘው ከባለ ቀዩ ሞላሁበት።

ያን ዕለት ማሳው ዳር ቆሜ ያቺ ቀይ ክር ትዝ አለችኝ፤ የመሪውን ዘይት ፍሬኑ ላይ ሞልቼ ይሆን? ለአስማረ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

አስማረ ለአያ ሰይድ ደወለላቸው። አያ ሰይድ ፍኖተ ሰላም ላይ በመካኒክነት ያረጁ ሰው ናቸው። የቁልፍ ቦርሳቸውን አዝለው በሞተር ሳይክል መጡ።

«ፍሬኑ አየር ይዞ ይሆናል፤ አየሩን ያውጡልንና እንሂድ» አላቸው አስማረ።

አያ ሰይድ የዘይቱን ዕቃ ከፈቱ። ጣታቸውን ነከሩ፣ አሹት፣ አሸተቱት። ከዚያ አስማረን ሳይሆን እኔን አዩኝ።

«አስማረ፣ እጄን የምታጠብበት ውኃ ከዚያ ቤት ለምንልኝ» አሉት። እሱ ሲርቅ ቀስ ብለው፣ «አንጓች፣ ማን ጨመረው አልልሽም። ምን እንደተጨመረ ግን ንገሪኝ። ከደበቅሽኝ አየሩን አውጥቼ እሸኛችኋለሁ፤ ቁልቁለቱ ላይ ይደግማችኋል» አሉኝ።

ነገርኳቸው። አስማረ ውኃውን ይዞ ሲመለስ ለእሱም ራሴ ነገርኩት። ውኃውን መሬት አስቀመጠና፣ «ሃያ ዓመት ስኳርና ጨው አምታተሽ አታውቂም፤ ለእኔ መኪና ጠበቅሽ?» አለ። ማስተዋል ሳቀች። እኔ አለቀስኩ።

አያ ሰይድ እንዲህ አሉ፦ «ይሄ ዘይት የፍሬን ጎሚኒ፣ ዘይት የሚይዘውን ላስቲክ፣ ያሳብጣል። ያበጠ ጎሚኒ ፍሬኑን አይለቅም፤ ጎማው ይግላል፣ መርገጫው ይሰምጣል። ዘይቱን ከሚገፋው ማስተር እስከ አራቱ ጎማ ያለው ሁሉ መለወጥ አለበት። እኔ ጋ ያለው ተመሳሳዩ እንጂ የራሱ አይደለም። ለሌላ ዕቃ ቢሆን እገጥምላችሁ ነበር። ለፍሬን አልገጥምም። ባሕር ዳር ወዳለው የመኪናው ኩባንያ ጋራዥ ውሰዱት።»

«እርስዎ እያሉ ኩባንያ? እዚያ እኮ ወረፋ እስኪደርሰን ጤፍ ይታጨዳል።»

«ጤፉ ይታጨድ። አንተ ግን አትታጨድ።»

የሚመጣ ሥራ እየገፋ ወደ ሌላ የሚልክ መካኒክ ከዚያ በፊት አላየሁም። ባዶ አይሱዙ ፈልገው አመጡ፤ ጀርባውን ከአፈር ቁልል ጋር አስጠጉና ሚኒባሱን ገፍተን ጫንነው። ከመኪናው ያወጡትንም ዘይት በውኃ ጠርሙስ ሞልተው ሰጡኝ። «ሲጠይቁሽ አትፈሪ፤ ይህን አሳያቸው» አሉኝ።

የኩባንያው ጋራዥ ወለሉ ይታጠባል፤ ሠራተኛው ሁሉ ባለ መታወቂያ ነው። ፈራሁ። ጠርሙሱን ሳወጣ ግን አንድ ጎልማሳ መካኒክ ተቀብሎኝ እንደ አያ ሰይድ አሸተተው። በሦስተኛው ቀን ጠርቶ አሮጌውን ጎሚኒ ከአዲሱ ጎን አስቀምጦ አሳየኝ። አሮጌው እንደ ተነከረ ባቄላ አብጧል። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ አደነቅኩት።

መኪናውን ሲያስረክቡን ግን አያ ሰይድ ትዝ አሉኝ። እሳቸው ፍሬን በሠሩ ቁጥር ባለቤቱን ያስነዳሉ፤ ራሳቸው ከፊት ተቀምጠው ቁልቁለት ይወርዳሉ። ሳይወርዱ ቁልፍ አያስረክቡም።

ለኃላፊው፣ «የሠራው ሰው ከፊት ይቀመጥልኝ» አልኩት።

«እናቴ፣ በማሽን ተፈትኗል። ወረቀቱ ይኸው።»

«ወረቀቱን ማንበብ አልችልም። ሰውዬውን ነው የማየው።»

«አሠራራችን አይደለም እኮ!»

«የእኔ አሠራር ነው።»

አስማረ አፍሮ መሬት መሬት ያያል። መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠረገና፣ «ችግር የለም፣ እቀመጣለሁ። የሠራሁትን አውቀዋለሁ» አለ። ከፊት ገባ። ከከተማ ወጥተን ቁልቁል ወርደን ተመለስን። መርገጫው ግማሽ ላይ ቆመ።

ዓርብ ዕለት ማስተዋልን ይዘን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ወጣን። አያ ሰይድ ሳንለምናቸው መጥተው ከፊት ተቀመጡ።

«እርስዎ አልሠሩት» አላቸው አስማረ።

«ላኪው ግን እኔ ነኝ» አሉ።

ቁልቁለቷ ጋ ስንደርስ ታኮዋን ጭኔ ላይ አደረግኩ። አስማረ ረገጠ። መኪናው እንደታዘዘ ያዘ።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት በረዳትነት ሠራሁ። መኪና ውስጥ ሁለት ዓይነት ዘይት አላስቀምጥም። ኩባንያ ይሻላል ወይስ የሰፈር መካኒክ ለምትሉኝ፣ የማልችለውን አልነካም የሚል፣ የሠራውን ደግሞ ከፊት ተቀምጦ የሚሞክር ሰው ፈልጉ። እኔ አንዱን ፍኖተ ሰላም፣ አንዱን ባሕር ዳር አገኘሁ።

ያን ዓርብ ካምፓሱ በር ላይ ቆምን። ታኮዋን ሰነቀርኩ። ማስተዋል ሻንጣዋን ይዛ ወረደች። በሰላም ደረስን።