የሚዞረው ቤትና የመምህር አያሌው ባልዲ

ሰሞኑን አሶሳ ላይ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ትናንት ከሰዓት በኋላ እንደለመደው ድርግም ሲል፣ ፊት ለፊቴ ያለው ፀጉር አስተካካይ ጀነሬተሩን አስነሳና የተቃጠለው ቤንዚን ሽታ በመስኮቴ ገባ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ይሸሻል፤ እኔ ግን፣ አይ የሰው ነገር፣ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ሽታውን በረጅሙ ሳብኩት። ይህ ሽታ ለእኔ የቪዲዮ ቤት ሽታ ነው፤ ቪዲዮ ቤት ሲነሳ ደግሞ አሻ ትመጣለች።

ክልል የሆንንበት ሰሞን ነበር። ቢሮዎቹ የሰው ቤት ተከራይተው፣ ታፔላቸው ቀለሙ ሳይደርቅ ተሰቅሎ፣ ከየአገሩ የተመደቡ መምህራንና ሠራተኞች ፍራሻቸውን ጠቅልለው ከጭነት መኪና ላይ ሲወርዱ፣ እኛ ልጆች እንደ ሠርግ ቆመን እናይ ነበር። የሁሉም ነገር ምክንያት አንድ ነው። ሻይ ሲወደድ «ክልል ሆነናል እኮ!» ይባላል፤ አህያ መሀል መንገድ ስትተኛም «ክልል ሆነን እንዲህ ይሁን?» ይባላል። አህያዪቱ ግን ክልል መሆናችንን የሰማች አትመስልም ነበር።

እኔ በሰፈራ ከወሎ የመጣ ገበሬ ሴት ልጅ ነኝ። ከመንደራችን ከተማ እየመጣሁ ስማር «ሰፋሪ» እያሉ ይስቁብኝ ነበርና፣ አጠገቤ መጥታ የተቀመጠችው አሻ ብቻ ነበረች። የበርታ ልጅ ናት። አባቷ አባባ ሐሚድ ማንጎ ነጋዴ ቢሆኑም፣ አገር የሚያውቃቸው በዋዛ ነፊነታቸው ነው። ዋዛ ቅል በቅል ላይ ተቀጥሎ የሚሠራ፣ ከሰው ቁመት የማያንስ መለከት ነው። አንዱ መለከት ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ ነፊዎቹ ክብ ሠርተው እየዞሩ እያንዳንዱ በተራው ያቺን አንዲት ድምፁን ጣል ሲያደርግ ነው ዘፈን የሚሆነው። አሻ እሳቸውን መስላ ደረቷ ሰፊ፣ ነገር ከያዘች የማትለቅ ልጅ ነበረች።

ገበያው ጫፍ ላይ በአንድ ጭቃ ቤት ውስጥ ቪዲዮ ተከፈተ። ጀነሬተሩ ከጓሮ እየጮኸ፣ ጭሱ በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ፣ እኛ በአግዳሚ ላይ ተጠጋግተን እናያለን። ባለቪዲዮው ዱላ ይዞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ እንግሊዝኛውን ይተረጉምልናል፤ ሰውዬው ከ«የስ» እና ከ«ኖ» በላይ እንደማያውቅ የደረስንበት ካደግን በኋላ ነው። አንድ ቅዳሜ ሰማይ ላይ ስለሚኖሩ ሰዎች የተሠራ ፊልም አሳየን። ቤታቸው እንደ ትልቅ የጋሪ ጎማ ነው፤ በዚያ ጨለማ ውስጥ ዝግ ብሎ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይቆምም። ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ቆመው ያወራሉ፣ ሾርባ ይጠጣሉ። ለምን ይዞራል ብንለው ባለቪዲዮው «እንዳይሰለቻቸው ነዋ!» አለን። እኔ ውስጡ ወፍጮ ቢኖረው ነው ብዬ ሞገትኩ። አሻ በሁለታችንም አልረካችም።

እራት ላይ ለአባቷ ዘረገፈችላቸው፤ ሰማይ ላይ ቤት አለ፣ ይዞራል፣ ሰዎቹ ተዘቅዝቀው እንኳ አይወድቁም፣ መምህሬን እጠይቃለሁ። አባባ ሐሚድ ቪዲዮ ቤትና ትምህርት ቤትን ለይተው አላዩም፤ ለእሳቸው ሁለቱም ልጆች አግዳሚ ላይ ተደርድረው አንድ ለፍላፊ የሚሰሙበት ቤት ነው። ሰኞ አሻ ዓይኗ አብጦ መጣች። ውሸት የሚያስተምር ቤት ይበቃሻል ተብላ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ኩርሙክ አክስቷ ዘንድ ልትሄድ ነው፤ ሱቅ ልትጠብቅ። ያለ እሷ ያ አግዳሚ ምን ሊመስል እንደሚችል ሳስበው እኔም አለቀስኩ።

ተያይዘን የፊዚክስ መምህራችን ዘንድ ሄድን። መምህር አያሌው ከጎጃም የተመደበ፣ ቀጭን፣ ደግ ሰው ነበር፤ አንድ ችግር ብቻ ነበረበት፤ ሳያብራራ ምንም ነገር መሥራት አይችልም። እጁን ሲታጠብ እንኳ ስለ ሳሙናው ያስረዳ ነበር። ሰማይ ላይ ክብደት የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ሰው እግሩን መሬት ማስነካት፣ ሻይም ብርጭቆ ውስጥ መቀመጥ እንደማይችል፣ ስለዚህ ቤቱን ጎማ አድርገው እንደሚያዞሩት፣ ዙሩም ሰዎቹን ወደ ጎማው ጠርዝ ገፍቶ እንደሚያስጠጋቸውና ጠርዙ ወለል እንደሚሆንላቸው ነገረን። አልገባንም። «ግድ የለም፣ አርብ አባትሽን ጥሪልኝ፤ በዓይናቸው ያያሉ» አላት።

አባባ ሐሚድ አርብ ከስግደት መልስ በነጭ ጀለቢያቸው መጡ። ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ቆሙ፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ከበበ። መምህር አያሌው ባልዲ ሙሉ ውሃ አንስቶ ክንዱን እንደ ጎማ ያሽከረክር ጀመር። ባልዲው ወደ ላይ ወጣ፣ ተገለበጠ፣ ወረደ፤ ጠብ ያለ ውሃ የለም። «ጉድ!» አልን። አባባ ሐሚድ ቀረብ አሉ፣ ደግሞ ቀረብ አሉ። አሻ እጄን ጭምቅ አደረገችው። ይኸው በቃ፣ ተሳካ ስንል፣ መምህራችን ጠባዩ አሸነፈው። ባልዲው አናቱ ላይ ሲደርስ «እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፣ ውሃው አሁን…» ብሎ ለማሳየት እጁን ገታ አደረገ።

ውሃው እሱንም አባባ ሐሚድንም ከራስ እስከ እግር አለበሳቸው።

የሳቀ የለም። የአርብ ጀለቢያ! እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አሻ ኩርሙክ ገብታለች፣ አልቋል። አባባ ሐሚድ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፣ ጢማቸውን ጨመቁ፣ ከዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው «አንተ ሲያወራ፣ እጅ ቆመ። እጅ ሲቆም፣ ውሃ ወረደ» አሉና ባልዲውን ተቀበሉት። አስሞሉት። በዚያ በነፊ ክንዳቸው አሽከረከሩት፤ ባልዲው ያፏጭ ነበር። ጠብ አላለም። ሲያስቀምጡት እንደ ልጅ እየሳቁ ነበር። «ዋዛ እንዲህ ነው። ሰው ሲዞር ዘፈን አለ፤ ሰው ሲቆም ዘፈን ይወድቃል።» ወደ ልጃቸው በአገጫቸው እያመለከቱ «አሻ ይማራል» አሉ፤ ቀጥለውም ለመምህራችን «አንተ ግን ባልዲ ሲይዝ፣ አታውራ!»

መምህር አያሌው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያብራራው ጠፋው። እኛ ደግሞ እስኪያመን ሳቅን።

አሻ ተማረች። ነርስ ሆና ማንኩሽ ጤና ጣቢያ ገባች፤ እኔ እዚሁ ቢሮ ለቢሮ አረጀሁ። መምህር አያሌው ዝውውር አግኝቶ አገሩ ሄደ፤ ይኑር ይሙት ወሬው የለኝም። ቪዲዮ ቤቱ ስልክ ይሸጥበታል። ያ ማንጎ ተቆርጦ ቦታው ላይ መማሪያ ክፍል ተሠርቷል፤ ይሁን፣ ለልጆች ነው እላለሁ፣ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ግን ዓይኔ ጥላውን ይፈልጋል። አባባ ሐሚድም አረፉ። ቤቱ ለምን እንደሚዞር በባልዲ ተምሬያለሁ፤ ከዙሩ ሰው ሲጎድል ምን እንደሚሆን ግን ማንም አላስተማረኝም።

አምና የአሻ ልጅ ስታገባ ዋዛ ተነፋ። ነፊዎቹ ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። የአባባ ሐሚድ መለከት ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ደፍሮ ያነሳው የለም። ዙሩ ተጀመረ፤ እኔና አሻም ከሴቶቹ ጋር ከኋላ እየጨፈርን ተከተልን። አንዱ ነፋ፣ ሌላው ነፋ፣ የእሳቸው ተራ ሲደርስ ዝም ተባለ። ዝምታው ልክ የእሳቸውን ድምፅ ያህል ቆየና ቀጣዩ ነፋ። ዞረው ሲመጡም እንደዚያው፣ ደግመው ሲመጡም እንደዚያው፤ ቦታቸውን ማንም አልሞላባቸውም። እንባዬ መጣ፤ እግሬም ሳላውቀው ቆመ።

አሻ ከኋላዬ ደረሰች። እሷም ታለቅስ ነበር። ክንዴን ይዛ ወደ ፊት ገፋችኝና «እንዳትቆሚ» አለችኝ።