ሳንሱሩ ያልሰረዛት ቃል

ደብረ ማርቆስ በአስተማሪነት በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ አስቂኝ ጭውውት ጻፍኩ። ከየትምህርት ቤቱ የተሻለው ተመርጦ አዲስ አበባ በቴሌቪዥን ይታያል ተብሎ ነበር። ቴሌቪዥን የሚባለውን ነገር አንዳችንም በዓይናችን አላየነውም፤ ዝም ብለን ጓጓን።

ጭውውቱ ስለ ጉቦኛ ዳኛ ነበር። የሳንሱሩ ሹም ዳኛው በጉቦ የሚቀበለውን ማር ሰረዘ፣ በጉን ሰረዘ፣ የዳኛውን ሚስት ከነወሬዋ ሰረዛት። የተረፈችው ዳኛው ለባለጉዳይ ሁሉ የሚላት «ለሳምንት ተመለስ» ብቻ ነበረች። ሹሙ ራሱም በየቀኑ ስለሚላት ነውር አልታየውም መሰለኝ። ማኅተሙን መትቶ፣ «አንድ ቃል ብትጨምር ሥራህን እርሳው» አለኝ።

በትዕይንቱ ቀን አባቴ ከአምበር መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። የርስት ክርክር ይዞ ፍርድ ቤት መመላለስ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ ቴያትር ግን አይቶ አያውቅም። ዳኛውን የሚጫወተው ባልደረባዬ ካባ ደርቦ፣ ጢሙን እየዳበሰ «ለሳምንት ተመለስ» ሲል አባቴ ብድግ አለ። ጋቢውን ወገቡ ላይ አደግድጎ ወደ መድረኩ ቀረበና እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ እርስዎም ለሳምንት ካሉኝማ አለቀልኝ። ያኛው ዳኛ ማሩንም በጉንም ተቀብለውኛል፤ ከእንግዲህ ምን ላምጣ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ከጻፍኩት ሁሉ የተሻለው እሱ ነበር።

የሳንሱሩ ሹም ግን ከፊት ወንበር ተነሥቶ ወደኔ መጣ። «የሰረዝኩትን በሽማግሌ አፍ መለስከው አይደል? ማነው ይሄ ሰውዬ? ታውቀዋለህ?»

አባቴ እንዳደገደገ ዞሮ አየኝ።

«አላውቃቸውም» አልኩ።

ዘበኞች ክንዱን ይዘው አስወጡት። እኔም ሐፍረትም ሐዘንም አልተሰማኝም፤ ሲቀመጡበት እንደደነዘዘ እግር ሆኜ ቆሜ ቀረሁ። ጭውውቱ አዲስ አበባ አልሄደም። ሥራዬ ግን ተረፈችልኝ፤ በማግስቱም ገብቼ አስተማርኩ።

ለፋሲካ አምበር ሄድኩ። አባቴ ከደጅ ተቀምጦ ነበር። ሲያየኝ ተነሣና ጋቢውን ወገቡ ላይ አደገደገ።

«ይግቡ፣ ጌታዬ» አለኝ።

«አባዬ፣ እኔ እኮ ነኝ!»

«እኔ እንኳ አውቅዎታለሁ» አለ። እስክቀመጥ ድረስ ቆሞ ጠበቀኝ።