በእርሳስ የተጻፈ አራት ሰዓት

ሌላው ሰው፣ ሰው ጥርስ ውስጥ ይገባል፤ እሷ ግን የእኔን ጥርስ አወጣችው። በስቴፕለር። የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የዜና ክፍሉ ሰው ሁሉ እያየ የፊት ጥርሴን ከነሥሩ ነቀለችው። ደሜ ኪቦርዱ ላይ ሲንጠባጠብ ዞራ እንኳ አላየችኝም፤ የምታየው ሰዓቷን ነበር።

ጥፋቴ አንድ የጨጓራ መድኃኒት ጥናት አስራ አምስት ደቂቃ ቀድሜ ልለቅ መሞከሬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላላቆቹ የሳይንስ መጽሔቶች አዲስ ጥናት ከማውጣታቸው በፊት ለጋዜጠኞች ይልኩታል። አንብቡት፣ ተዘጋጁበት፣ ከዚህ ቀንና ሰዓት በፊት ግን ትንፍሽ እንዳትሉ ይላሉ። ኢምባርጎ ይባላል። እኛ ቤት አንዱ ቀበጥ ቀድሞ ለቅቆ ጋዜጣችን ዓመት ሙሉ ከዝርዝራቸው ተሰርዞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኢምባርጎ መጠበቁ በእሷ እጅ ሆነ፤ እኛም «ቁልፍ» አልናት። አገር ቢገለባበጥ ሰዓቱ ሳይሞላ ከአፏ ቃል አይወጣም።

እኔ ተርጓሚ ነኝ። ከስቴፕለሩ በኋላ እንደተኳረፍን ቀረን። ጠረጴዛችን ይነካካል፣ አንነጋገርም። የምለውን ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፌ እገፋላታለሁ፤ እሷም በእስክሪብቶ መልሳ ትገፋልኛለች። ሁለት ጎልማሶች! ሳስበው ዛሬም እፍረት ይይዘኛል።

በዚህ ዓለም ላይ ያላት አንድ ታናሽ ወንድም ነበር። እናታቸው ስትሞት የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። አባትየው ቀበቶውን በፈታ ቁጥር ልጁን ግድግዳው ጋ አስጠግታ ግርፋቱን በጀርባዋ ትቀበልለት ነበር። አንድ ቀን ግን ቀበቶውን ቀምታ በዘለበቱ የአባቷን ግንባር ተረተረችውና ልጁን አዝላ ወጣች። በዚያው አልተመለሰችም። አሳደገችው፣ ዳረችው። እሱም ድንጋይ ካባ ገብቶ ሠራተኛ ሆነ፤ ድንጋዩን ቦርቡሮ ደማሚት የሚቀብረው እሱ ነው። ረቡዕ ረቡዕ አቧራውን ሳያራግፍ መጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ይቀመጥና አብረው ምሳ ይበላሉ።

ሰኞ ጠዋት አንድ ጥናት መጣ። በየካባው የሚሠራበት፣ ቢጫ መጠቅለያ ያለው ደማሚት፣ የተቀበረበት ድንጋይ በፀሐይ ከጋለ ማንም ሳይለኩሰው ይፈነዳል ይላል። እኔ ጋ የቀረው ደብዳቤ ሐሙስ 10:00 ይላል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። እኔ ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩትና በትርጉሙ አናት ላይ በእርሳስ «ሐሙስ 4:00» ብዬ ገፋሁላት። መልሼዋለሁ ብዬ ግን አልጻፍኩም። አፍ እያለኝ አልተናገርኩም።

እሷ ደግሞ የፈረንጁ መሰላት። የእነሱ የከሰዓት በኋላ አራት ለእኛ አስር ነው ብላ እንደገና መለሰችው። ጠዋት አራት ሰዓት የሚፈታው እገዳ እሷ ዘንድ አስር ሰዓት ሆነ።

ረቡዕ ወንድሟ መጣ። እሷ ከሰኞ ጀምሮ ከንፈሯን ስትነክስ ከርማ አብጦ ነበር።

«እቴ፣ ማን ነክቶሽ ነው? ንገሪኝና ጥርሱን ላራግፈው፤» አለ። ወደ እኔ ዞሮ፣ «የተረፈውን ማለቴ ነው፤» ብሎ ሳቀ።

«ዝም ብለህ ብላ። ነገ ሥራ ባትገባስ?»

«ለምን?»

«እንዲሁ። ደክሞሃል።»

«አለቃዬ እንዲሁ የሚባል ነገር አያውቅም።»

«እሺ፣ አስር ሰዓት ደውልልኝ። ልክ አስር። የምነግርህ አለኝ።»

«አሁን ንገሪኛ!»

«ሰዓቱ አልደረሰም።»

እስክሪብቶው እጇ ላይ ለሁለት ተሰበረ። ቀለሙን በቀሚሷ ጠረገች። እኔም ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ፤ ምን አገባኝ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ጽሑፉ አለመውጣቱን አየሁ። ዋና አዘጋጁ ያዘገየው መሰለኝ። እንዳልጠይቃት ኩርፊያዬ ያዘኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ፣ ድንጋዩ እንደ ምጣድ ሲግል፣ ወንድሟ አራተኛውን ጉድጓድ ሞልቶ እጁን ሳያወጣ ደማሚቱ ፈነዳ። አጠገቡ የነበረው ሠራተኛ ዓይኑ ጠፋ። የልጁን የራስ ቆብ መንገድ ተሻግሮ አገኙት። ቀኝ እጁን እስከ ማታ ፈልገው አጡት።

ልክ አስር ሰዓት ቁልፍ ጽሑፉን ለቀቀች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኳ ጮኸ። «ልጄ ቀጠሮ ያከብራል፤» ብላ ፈገግ እያለች አነሳችው። የካባው ፎርማን ነበር። ከዚያ ጮኸች፤ ግንባሯን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨችው፣ ደገመችው፣ ሰለሰችው፤ ሦስት ሆነን ነው የያዝናት። አስር ሰዓት ለምን እንደጠበቀች ያኔ ገባኝ። አሁንም አልተናገርኩም።

ዓርብ ጠዋት ጽሑፉን ያነበቡ የካባው ሠራተኞች መጡ። «ሰው ሲሞት ጠብቃችሁ ነው የምትጽፉት?» እያሉ የዘበኛውን መንጋጋ ሰብረው ገቡ። መስታወት ረገፈ፣ ኮምፒውተር በመስኮት ወጣ። እኔን ጎኔን በእርግጫ ጥለውኝ አንዱ መዶሻውን ከራሴ በላይ አንስቶ፣ «ወረቀቱን ይዞ የቆየው ማነው?» አለኝ። በጣቴ የእሷን ባዶ ወንበር አሳየሁት። ወንበሩንም ጠረጴዛውንም እንክትክት አድርገው ሄዱ።

ከስብርባሪው ውስጥ የእኔን ወረቀት አገኘሁት። አራቷ አልደበዘዘችም። ይዣት ለቅሶ ቤት ሄድኩ።

ቁልፍ ጥግ ላይ ግንባሯን በፋሻ አስራ ተቀምጣለች። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ የመጀመሪያው ቃሌ፣ «አራት ሰዓት የእኛው ነበር፤» የሚል ሆነ። ወረቀቱን አየች። ብድግ ብላ የወንድሟ ሚስት ፊት ተንበረከከች።

«ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መናገር እችል ነበር። ተሳሳትኩ። ስድስት ሰዓት ዘገየሁ።»

ሚስትየው ትክ ብላ አየቻት። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሰዓቱን በትክክል ባነበው ኖሮ...»

«ሰዓቱን አልጠየቅኩሽም። ቀኑን።»

«ሰኞ።»

«ረቡዕ ምሳ አብራችሁ በልታችኋል።»

«አዎ።»

ከካባው የመጣው የባሏ ዕቃ በፌስታል አጠገቧ ነበር፤ ብረት አፍንጫ ያለው አንድ እግር ጫማ። አወጣችውና የቁልፍ ፊት ላይ አሳረፈችው። እንደገና። ፋሻው ተፈታ፣ ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ቁልፍ የአባቷን ቀበቶ እንደተቀበለች ተቀበለችው፤ እጇን እንኳ አላነሳችም። ሰዎች ሊገላግሉ ሲነሱ፣ ራሷ ቁልፍ «ተዉአት፤» አለቻቸው።

ሚስትየው ደክሟት ቆመች። ያኔ ወረቀቱን ይዤ የቆምኩትን እኔን አየችኝ።

«አንተስ? አንተ መቼ ነው ያወቅኸው?»

ላስተዛዝን የመጣሁ ነኝ ማለት እችል ነበር። በሩ ከኋላዬ ክፍት ነው። ምላሴ የጥርሴን ክፍተት ነካ።

«ሰኞ፤» አልኩ። «ከእሷ በፊት።»

ጫማውን አነሳችው።